የአደን ፍላጻ ራስ አሳሳል፦ ከሞረድ እስከ ቆዳ

26 ግራም የሚመዝን የአደን ፍላጻ በሰከንድ 80 ሜትር ሲወነጨፍ የሚሸከመው ጉልበት 83 ጁል ገደማ ነው። ለትልልቅ እንስሳት የሚተኮስ የጠመንጃ ጥይት ከ3,000 ጁል በላይ ይዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ጉድለት የሚሸፍነው የፍላጻው ራስ ስለት ነው። ሳንባና ዋና ዋና የደም ሥሮች በንጹሕ ከተቆረጡ እንስሳው ብዙ ሳይሄድ ይወድቃል።

የደም ሥር ተለጣጭ ነው። የዶለዶመ ስለት ሲመጣበት ይሸሻል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ላላ ያለ እርጥብ ገመድ በደነዘ ቢላ ለመቁረጥ የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቢቆረጥ እንኳ ተቦጭቆ ነው፤ የተቦጨቀና የተጨፈለቀ ሥጋ ደግሞ ደምን ቶሎ ያረጋል። በንጹሕ የተቆረጠው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይፈሳል፣ ዱካውም ለመከተል ይቀላል። «ሻካራ አፍ እንደ መጋዝ ስለሚይዝ ይሻላል» የሚሉ አዳኞች አሁንም አሉ። ለዳቦ ቢላ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዳቦ ላይ ቢላው ይመላለሳል፣ ፍላጻ ግን የሚያልፈው አንዴ ነው። ለስላሳና ምላጭ የመሰለ አፍ ይሻላል።

ብሮድሄድ የሚባለውን ይህን ባለ ስለት ራስ ሲስሉ ብዙዎች የሚሳሳቱት በማለስለሱ ላይ አይደለም። ሻካራውን ድንጋይ ወይም ሞረድ ቶሎ ይተዋሉ። አፉ የሚወለደው እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማጥራት ብቻ ነው። በ1,000 ቁጥር ድንጋይ ላይ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድንጋዩ ይለሰልሳል) ግማሽ ሰዓት የተገፋ ራስ አሁንም ፀጉር የማይላጭ ከሆነ ጥፋቱን የድንጋዩ ልስላሴ ላይ አይፈልጉ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሥራ ሳያልቅ ታልፏል።

የያዙት ራስ የትኛው ነው?

አሳሳሉ በቅርጹ ይወሰናል። ባለ ሁለት ስለት፣ ከሁለቱም ወገን የተሞረደ ራስ በእያንዳንዱ ወገን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሳላል። 20 የበለጠ ይቆርጣል፣ 25 የበለጠ ይችላል። አጥንት የመምታት ዕድል ስላለ ለአብዛኛው አደን 25ን መምረጥ አያስቆጭም፤ የሁለቱ ወገን ድምር 50 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው።

ባለ አንድ ተዳፋት የሚባለው አንዱ ወገኑ ብቻ የተሞረደ፣ ሌላው ወገኑ ልሙጥ የሆነ ነው። 25 ዲግሪ ከተሳለ ጠቅላላው አፉ 25 ብቻ ስለሆነ በጣም ስል ነው፤ በዚያው ልክ ብረቱ ጥሩ ካልሆነ ይሸራረፋል። ተዳፋቱ በአንድ ወገን በመሆኑ ራሱ ሥጋና አጥንት ውስጥ ሲገባ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ስለዚህ የተዳፋቱ አቅጣጫ ከፍላጻው ኋላ ካለው ላባ ጋር መስማማት አለበት፦ የቀኝ ተዳፋት ከቀኝ ጠምዛዛ ላባ ጋር፣ የግራው ከግራ ጋር። ካልተስማሙ ፍላጻው በአየር ላይ ወደ አንድ ወገን ዞሮ እንስሳው ውስጥ ወደ ሌላው ለመዞር ይታገላል፤ ጉልበቱም በዚያ ያልቃል።

አንድ ወጥ የሆነ ባለ ሦስት ስለት ራስ ከሁሉም ለመሳል ቀላሉ ነው። ሦስቱ ስለቶች በ120 ዲግሪ ተራርቀው ስለቆሙ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ሲያስተኟቸው እያንዳንዳቸው ከድንጋዩ ጋር በትክክል 30 ዲግሪ ይሠራሉ። ማዕዘኑን ራሱ ይይዝልዎታል፤ እጅ የሚያበላሸው ነገር ጥቂት ነው። ዋጋው አፉ በድምሩ 60 ዲግሪ መሆኑ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ግን በደንብ ከተሠራ ይላጫል፣ አጥንት ላይም ቶሎ አይታጠፍም።

ምላጮቹ የሚቀየሩትና ሲመቱ የሚከፈቱት ሜካኒካል ራሶች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ወደ ኋላ እንመጣባቸዋለን።

ብረቱንም ይወቁት። ሞረድ ሮክዌል ሲ በተባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ከ62 እስከ 65 ይደርሳል፤ ከ50 እስከ 55 የሆነን ራስ እንደ ልብ ይበላዋል። 58ና ከዚያ በላይ የሆነው ላይ ግን መንሸራተት ይጀምራል። ለማወቅ ከስለቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ሞረዱን አንዴ ቀስ አድርገው ይግፉት። ቢይዝና ብናኝ ቢያወጣ ሞረድ ይበቃል። መስታወት ላይ እንደሚሄድ ከተንሸራተተ ሞረዱን አያድክሙት፤ የአልማዝ ሰሌዳ ያስፈልግዎታል።

ዕቃው

ሞረድ ከሆነ ባለ አንድ አቅጣጫ ጥርስ፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ይሁን። ጥርሱ የተጠላለፈው ሞረድ ብረት ቶሎ ይበላል፣ ግን ጥልቅ ጭረት ጥሎ ይሄዳል፤ ያንን ጭረት ለማጥፋት ኋላ ጊዜ ይፈጃል። አልማዝ ከሆነ 300፣ 600 እና 1,200 ቁጥር ሦስቱ ይበቃሉ። የውሃ ድንጋይ የሚወድ 400 እና 1,000 ይያዝ፤ 3,000 ቅንጦት ነው። ስፋቱ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ባለ ሦስት ስለቱ ራስ ጠባብ ድንጋይ ላይ ይንገዳገዳል። ይህ ሁሉ ከሌለ ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ ለጥፎ በ320፣ 600፣ 1,000 እና 2,000 ቁጥር ቅደም ተከተል መሥራት ይቻላል። ወረቀት ላይ ግን አፉን ወደፊት መግፋት ወረቀቱን ስለሚቀድ መጎተት ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ድንጋዩ ሜዳ መሆኑን ያረጋግጡ። የብረት ማስመሪያ በጎኑ አቁመውበት ከሥሩ ብርሃን ካለፈ መሀሉ ጎድጉዷል። የጎደጎደ ድንጋይ በተለይ ባለ ሦስት ስለቱን ራስ ጫፍና ኋላውን በልቶ መሀሉን ይተዋል። 220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተው ድንጋዩን እያሹ ያስተካክሉት።

ቆዳ፦ 5 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ የድሮ ቀበቶ ቁራጭ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ክሮሚየም ኦክሳይድ የተባለው አረንጓዴ ቅባት ስስ ሆኖ ተቀብቶበት። ቅባቱ ከሌለ ሰሌዳ ላይ የተወጠረ ጋዜጣም የሚገርም ሥራ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እጀታ ያስፈልጋል። ራሱን በጣት ይዞ መሳል አይሞከርም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሆነ የተሰበረ ፍላጻ ዘንግ፣ ብሎን መቀበያው ከነቦታው ያለ፣ ከሁሉ የተሻለ እጀታ ነው። አብዛኞቹ የሚጠመዘዙ ራሶች 8-32 የተባለውን የብሎን ጥርስ ስለሚጠቀሙ አንዱ እጀታ ለሁሉም ይሆናል። በሙጫ የሚለጠፉት ደግሞ በሾጣጣ ማያያዣ ላይ ተደርገው ይያዛሉ። ራሱን እጀታው ላይ ሲያጠብቁና ሲፈቱ ለዚሁ የተሠራውን የፕላስቲክ መፍቻ ይጠቀሙ። ከሥራው ሁሉ ጣት የሚቆረጠው በብዛት በዚህች ቅጽበት ነው፤ ሲስሉ ይጠነቀቃሉ፣ ሲፈቱ ይዘነጋሉ።

ድንጋዩ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይኑረው ወይም በሞርሳ ይታሰር። ራሱ ከእጅ ቢያመልጥ ለመያዝ አይሞክሩ፤ እግርዎን ሰብስበው ይውደቅ ይበሉት። መቆረጥን የሚከላከል ጓንት ድንጋዩ አጠገብ ባለው እጅ ላይ ይሁን። ስንት ራስ እንዳወጡ ቆጥረው ይጀምሩ፣ ቆጥረውም ይጨርሱ።

ከመሳል በፊት

ራሱን ዘንግ ላይ አስረው ዘንጉን ጥፍርዎ ላይ ወይም ሁለት ሮለር ላይ ያሽከርክሩት። ጫፉ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይ ራሱ ጠሟል፣ ወይ የዘንጉ መቀበያ ተጣሟል፤ ሌላ ዘንግ ላይ ሞክረው ይለዩት። የጠመመ ራስ ቢሳልም አይመታም። ጫፉ የተቀለበሰ ከሆነ ደግሞ ያንን መጀመሪያ በሞረድ ያጥፉት።

ከፋብሪካ አዲስ የመጣ ራስም ስል ነው ብለው አይመኑ። በብዙዎቹ ላይ ቀለም ወይም ሌላ ሽፋን አፉ ድረስ ይመጣል፣ ወይም ፋብሪካው ያቆመው ሻካራ ሞርዶ ነው።

አሁን በማርከር ተዳፋቱን በሙሉ፣ አፉ ድረስ ያጥቁሩት። ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ትነግራለች።

ባለ ሁለት ስለቱ

ማዕዘኑን ለመያዝ ሮለር ያለው ማሰሪያ ካለ ነገሩ ግማሽ አለቀ። ራሱን ወደ ማሰሪያው አጥብቀው ሮለሩ ድንጋዩ ላይ እንዲሄድ ማድረግ ብቻ ነው። በእጅ የሚስል ሰው ግን ቁመት ይለካ። ከአፉ እስከ አንገቱ መሀል፣ ማለትም ስለቶቹ እስከተያያዙበት ግንድ መሀል፣ በሰፊው ቦታ 14 ሚሊሜትር ቢሆን ለ25 ዲግሪ የአንገቱ መሀል ከድንጋዩ 6 ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ለ20 ዲግሪ 5 ሚሊሜትር ገደማ። አንገቱ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ድንጋዩን ነክቶ ሲያርፍ 17 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንገቱ ድንጋዩ ላይ የሚጎተት ድምፅ ከሰሙ እጅዎ ወርዷል። በ25 ዲግሪ የተቆረጠ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ድንጋዩ ዳር አስቀምጦ በየጥቂቱ ስለቱን ከእሱ ጋር ማመሳከርም ጥሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ግፊያዎች ብቻ ይሥሩና ቀለሙን ይዩ። ቀለሙ ከተዳፋቱ ጀርባ ብቻ ከሄደና አፉ ላይ ጥቁር ከቀረ ማዕዘንዎ ዝቅ ብሏል። አፉ ላይ ብቻ ከሄደ ከፍ ብሏል። ተዳፋቱ በሙሉ ከጸዳ የፋብሪካውን ማዕዘን አግኝተውታል። እዚህ ላይ ምርጫ አለ፦ የፋብሪካው 30 ዲግሪ ሆኖ እርስዎ 25 ከፈለጉ ብዙ ብረት መብላት ግድ ነው፤ ለአንዴ ብቻ ነውና ዛሬ ይልፉ።

ግፊያው ከኋላ ወደ ጫፍ፣ የስለቱን ሙሉ ርዝመት በአንድ ጊዜ የሚሸፍን ይሁን። አፉ ቀጥ ያለ ከሆነ መላው አፍ አንድ ላይ ድንጋዩን ይነካል። ወደ ውጭ የቆለመመ ከሆነ ግን እጀታው ግፊያው ወደ ጫፍ ሲቃረብ በትንሹ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ጫፉ ሳይሳል ይቀራል፣ ከበዛ ደግሞ ይከበባል። ጫና በሻካራው ላይ ጠንከር ያለ፣ ግን እጅ የማያንቀጠቅጥ ይሁን። አንዱን ወገን 10 ጊዜ፣ ከዚያ ያንኑ ወገን እንደገና 10 ጊዜ። ወገን አይቀይሩ። ወገን መቀየር የሚፈቀደው እጥፋቱ ሲመጣ ብቻ ነው።

እጥፋቱ ምንድን ነው? አንዱ ወገን ሲሳል ብረቱ እየሳሳ ሄዶ አፉ ላይ ሲደርስ የሚደግፈው አጥቶ ወደ ሌላው ወገን ይገለበጣል። ለዓይን የሚያስቸግር፣ በጣት ግን የሚታወቅ የብረት ጭረት ነው። ሁለቱ ተዳፋቶች አፉ ላይ መገናኘታቸውን የሚመሰክረው ይኸው ብቻ ነው። ለመፈተሽ አውራ ጣትን ካልተሳለው ወገን ከአንገቱ ጀምሮ ወደ አፉ፣ ከአፉም ወደ ውጭ ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ በአፉ ርዝመት ግን ጣት በጭራሽ አይሄድም። የሚይዝ፣ የሚሻክር ነገር ካለ መጥቷል። ጥጥ በዚያው አቅጣጫ ቢያሹበት እጥፋቱ ክሩን ይይዛል፤ ለጣቱ ለሚሳሳ ይህ ይሻላል።

እጥፋቱ ከኋላ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መምጣት አለበት። ልፋቱ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ መሀሉ ላይ ቶሎ ይመጣል፤ ጫፉ አጠገብ ያለው አንድ ሴንቲሜትርና ከኋላ ያለው ጥግ ይዘገያሉ። «ሦስት አራተኛው ደርሷል» ብለው ወደ ለስላሳው ካለፉ ቀሪው አራተኛ መቼም አይሳልም፤ ለስላሳ ድንጋይ ብረት ለመብላት አቅም የለውም። ማርከሩን ደግመው ይቀቡ፣ ቀለሙ የቀረበትን ቦታ ይዩ፣ እዚያ ላይ ብቻ ትንሽ ጫና ይጨምሩ። አዲስ ራስ ላይ ይህ ከ50 እስከ 100 ግፊያ ሊወስድ ይችላል።

ሙሉ እጥፋት ሲገኝ ራሱን ገልብጠው በሌላው ወገን እጥፋቱ ወደ መጀመሪያው ወገን እስኪመለስ ድረስ ይሥሩ። የግፊያውን ቁጥር ይያዙ፤ በአንዱ ስለት አንድ ወገን 60 ከሆነ በሌላውም ስለት ወደዚያ ይጠጋ። አንዱ ስለት ከሌላው ጠቦ ከቀረ ራሱ ሚዛኑን ያጣል፣ በረራውም ይዛባል።

ከዚያ በዚያው ሻካራ ድንጋይ ላይ ጫናውን እየቀነሱ 5 በዚህ፣ 5 በዚያ፤ 3 በዚህ፣ 3 በዚያ፤ በመጨረሻም አንድ በአንድ አሥር ጊዜ። እጥፋቱ እየሳሳ ይሄዳል። አሁን 600 ላይ ይለፉ፣ የሻካራው ጭረት እስኪጠፋ፤ ቀጥሎ 1,200 ላይ። በለስላሳዎቹ ላይ የራሱ ክብደትና ትንሽ የእጅ ጫና ይበቃል። የበለጠ ከጫኑ አዲስ እጥፋት ይፈጥራሉ፤ ያጸዳሉ፣ ይመለሳል፣ ያጸዳሉ፣ ይመለሳል።

ጫፉ

በጣም የሾለ ጫፍ ዓይን ይማርካል፣ አጥንት ላይ ግን እንደ መርፌ ይታጠፋል፤ ከታጠፈ ፍላጻውን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ባለ ሁለት ስለት ራስ ላይ የመጨረሻውን 2 ሚሊሜትር በሞረድ ከየወገኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ደልደል ባለ ማዕዘን ነክተው እንደ ትንሽ መሮ አፍ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። መሮውንም ይሳሉት፤ ደንዝዞ አይቅር። ጫፍ የሚከበበው በአብዛኛው ግፊያው ሲያልቅ ራሱ ከድንጋዩ ዳር እየወደቀ ስለሚወጣ ነው። ጫፉ ገና ድንጋዩ ላይ እያለ ያቁሙት፣ ቀጥ አድርገው ያንሱት።

ባለ ሦስት ስለቱ

ሞረዱን ወይም ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሁለት ስለቶች አንድ ላይ እንዲያርፉበት ራሱን ያኑሩ፤ ሦስተኛው ወደ ላይ ይቆማል። እጀታውን ይዘው፣ በሌላው እጅ አንድ ጣት ከላይ አንገቱን ጫን አድርገው፣ ጫፉን ወደፊት ይግፉት። 10 ጊዜ። ያሽከርክሩት፣ ቀጣዮቹን ሁለት 10 ጊዜ፤ እንደገና ያሽከርክሩት፣ የቀሩትን ሁለት 10 ጊዜ። እያንዳንዱ ስለት በዙሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ከሁለቱም ወገኑ ይነካል። ሦስቱም ላይ ቀለሙ አፉ ድረስ እስኪሄድና እጥፋት እስኪሰማ ድረስ ዙሩን ይድገሙ። ከዚያ 5፣ 3፣ 1 እያሉ ቁጥሩን ይቀንሱ፤ በ600ና በ1,200 ይድገሙት።

የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው፦ እጅ ወደ አንድ ስለት ያዘነብላል፣ ያ ስለት ከሌላው ይበልጥ ይበላል። ሲጨርሱ በሦስቱ ስለቶች ላይ ያሉት ስድስቱም ተዳፋቶች እኩል ስፋት ይኑራቸው፤ አንዱ 2 ሚሊሜትር ሌላው 1 ከሆነ አዘንብለዋል። ራሱን ከመግፋት ይልቅ ማወዛወዝ የሚያበዛ ሰው ደግሞ መሀሉን ያበጠ አፍ ያገኛል።

ባለ አንድ ተዳፋቱ

በተሞረደው ወገን ብቻ ይሠራል። ልሙጡ ጀርባ ላይ ሙሉ እጥፋት እስኪመጣ ድረስ ከላይ እንደተባለው ነው። ልዩነቱ እጥፋቱን በማንሳት ላይ ነው። ጀርባው ድንጋዩ ላይ ፍጹም ልሙጥ ሆኖ መተኛት አለበት፤ አንገቱ ደግሞ አያስተኛውም። መፍትሔው አንገቱን ከድንጋዩ ዳር ውጭ አንጠልጥሎ ስለቱን ብቻ ድንጋዩ ላይ ማሳረፍ ነው። በ1,200 ላይ ሁለት ሦስት ቀላል ግፊያ፣ ተመልሶ በተዳፋቱ አንድ፣ በጀርባው አንድ። ጀርባውን ትንሽ ከፍ ያደረገ እጅ ሳያውቀው ሁለተኛ ተዳፋት ሠርቷል፤ ያ ከሆነ ወደ ሻካራው ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው እንጂ በቆዳ የሚሸፈን አይደለም።

ቆዳው ላይ

ቆዳ ላይ ሁልጊዜ አፉ ወደኋላ ቀርቶ፣ የስለቱ ጀርባ ቀድሞ ይጎተታል። ለባለ ሦስት ስለቱ ይህ ማለት ጫፉ ወደኋላ ሆኖ እጀታው ቀድሞ ይሳባል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ወገን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ድንጋዩ ላይ በነበረው ማዕዘን ወይም በትንሹ ዝቅ ብሎ። ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ይሰረጉድና አፉ ላይ ይጠቀለላል። በጫና የተወለወለ አፍ እንደ መስታወት ያበራል፣ ግን ክብ ነው፤ አይቆርጥም። ብዙ ሰው «ቆዳው አደነዘብኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

ፈተናው

መጀመሪያ ብርሃን። አፉን ወደ መብራት ቀጥ አድርገው ወደ ዓይንዎ አቅጣጫ ይያዙት። የሳለ አፍ አይታይም፤ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነጥብ ወይም መስመር ካለ እዚያ ላይ ገና ደንዝ ነው ወይም ተሸርፏል።

ቀጥሎ ወረቀት። ስስ ወረቀት በአንድ እጅ አንጠልጥለው ከኋላ እስከ ጫፍ ያሳልፉበት። የሚይዝበት ቦታ እጥፋት ሳይነሳ የቀረበት ነው። የክንድ ፀጉር ሳይጫን ከላጨ ጥሩ፤ ባለ 60 ዲግሪው ራስ ላይ እንደ ሁለት ስለቱ ቀላል አይሆንም፣ ቢያመነታ አይደንግጡ።

ከሁሉ የሚታመነው ግን የላስቲክ ፈተና ነው። ቀጭን ላስቲክ በትንሹ ብቻ ወጥረው አፉን በላዩ ያሳርፉና ሳይጫኑ ይሳቡት። የደም ሥርን ስለሚመስል ደንዝ አፍ ገፍቶት ያልፋል፤ የሳለው ወዲያው ይበጥሰዋል። በአፉ ሦስት ቦታ ይሞክሩት፦ ከኋላ፣ መሀል፣ ጫፍ አጠገብ። መሀሉ ብቻ የሚያልፍ ራስ አልተሳለም።

ስለ ፈጣን መንገዶች

ሁለት የካርባይድ ጥርሶች ያሉት ጎትቶ መሳያ ለችግር ጊዜ ይሆናል። ብረቱን ግን አይስልም፤ ይልጠዋል። አፉ የተቦጫጨቀ ይቀራል፣ ማዕዘኑም የመሣሪያው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ከተጠቀሙበት በኋላ በለስላሳ ሰሌዳ ያጽዱት።

ግራይንደር የባሰ አደጋ አለው። የካርቦን ብረት 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ገለባ ቢጫ ይሆናል፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ። ሰማያዊ የታየበት አፍ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ይሳላል፣ ግን አንድ ጎድን ላይ ይታጠፋል። ስለቱ ስስ ስለሆነ እዚያ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። የግድ ከሆነ በየአንድ ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ለመንካት ካቃጠለ ቆመው ያቀዝቅዙት። ቀለሙ ከመጣ ያንን ቦታ በሞረድ በልቶ ማስወገድ እንጂ ማጽዳት ብቻ አያድነውም።

ምላጫቸው የሚቀየረውና የሚከፈቱት

የሚቀየሩ ምላጮች ውፍረታቸው ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። እነዚህን ድንጋይ ላይ ማስተካከል ልፋቱን አያዋጣም። አዲስ ምላጭ ላይ የላስቲክ ፈተናውን ያድርጉ፤ ካላለፈ ቆዳ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጎትተው ይሞክሩ፤ አሁንም ካላለፈ ይቀይሩት። አንዴ የተተኮሰ ምላጭ ለልምምድ ይሁን። ሲቀይሩ የምላጩ ሥር ቦታው ውስጥ በሙሉ መግባቱን ይዩ፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ምላጭ አጥንት ሲመታ ይወልቃል። በሜካኒካሎቹ ላይ ከስለቱ ይልቅ ምላጩን ዘግቶ የሚይዘውን ቀለበት ይፈትሹ፤ ላስቲክ ከሆነ በጊዜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ክብደትና ስፋት

የራስ ክብደት በግሬን ይነገራል፤ 1 ግሬን 0.065 ግራም ነው፣ የ125 ግሬን ራስ 8.1 ግራም ይመዝናል። አዲስ ራስ ማዕዘኑ ሲቀየር ጥቂት ግሬን ሊጎድል ይችላል። ሁሉንም በትንሽ ዲጂታል ሚዛን መዝነው በ2 ግሬን ልዩነት ውስጥ ያሉትን አብረው ያኑሩ። ስፋቱንም ይለኩ። በየዓመቱ የሚሳል ራስ እየጠበበ ይሄዳል፤ ብዙ የአደን ደንቦች ደግሞ ዝቅተኛ የመቁረጫ ስፋት ያስቀምጣሉ፣ ከተለመዱት አንዱ 7/8 ኢንች፣ ማለትም 22 ሚሊሜትር ነው። ወደዚያ የተጠጋው ወደ ልምምድ ይውረድ። ከተሳለ በኋላ ደግሞ ማሽከርከሩን ይድገሙ።

ከተሳለ በኋላ

የካርቦን ብረት አፍ በእርጥብ አየር ውስጥ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ዝገቱ መጀመሪያ የሚበላው ስሱን ነው፣ ስሱ ደግሞ አፉ ነው። ስለዚህ ከቆዳው እንደወረደ ስስ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ዘይት በጥጥ ይቀቡት፤ ጥጡ ከአንገት ወደ ውጭ ይሂድ። አይዝጌ ብረትም ቢሆን ቅባት አይጎዳውም።

በፍላጻ ኮሮጆ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ራሱ አፍ ያደነዝዛል። አንዴ የገባበት ቦታ ላይ ያው ራስ ይመለስ፤ በየቀኑ አዲስ ቀዳዳ የሚቆርጥ ራስ በሳምንቱ መጨረሻ ላስቲኩን አይበጥስም። ክዳኑ ስለቱን በሙሉ የማይሸፍን ኮሮጆ ይዘው አይሂዱ፤ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰውማ በፍጹም።

ሜዳ ላይ ለመነካካት እርሳስ የምታህል የሴራሚክ ዘንግ ወይም ኪስ የምትገባ 600 የአልማዝ ሰሌዳ ትበቃለች፦ በየወገኑ ሦስት አራት ቀላል ግፊያ። ኢላማ ላይ የተፈተነ ራስ፣ አንዴም ቢሆን፣ ሳይሳል ወደ አደን አይመለስም።

ስቶ አፈር ወይም ድንጋይ የመታ ራስ ከሆነ መጀመሪያ ማሽከርከር፣ ቀጥሎ የብርሃኑ ፈተና። ሽርፉ በጣም ትንሽ ከሆነ 600 ላይ ይወጣል። ከዚያ ከበለጠ ወደ ሞረዱ መመለስ፣ ሽርፉ እስኪጠፋ ሁሉንም ስለት እኩል መብላት ግድ ነው። አንገቱ ላይ ስንጥቅ ከታየ ይጣል። በእንስሳ ውስጥ ያለፈ ራስ በሞቀ የሳሙና ውሃ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፤ ደም ጨው አለውና በብሎኑ ጥርስና በስለቱ መጋጠሚያ ከቀረ እዚያው ያዝገዋል። በደንብ ይድረቅ፣ ይቀባ፣ «ያልተሳለ» የሚል ምልክት ባለበት ሣጥን ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ።